ቅጽ ያዘዘ ደንብ አዘዘ

ልብስ ሊያሰፋ የሄደ ሰው ጨርቁንና ቀለሙን ይመርጣል እንጂ የትከሻውን ስፋት በሴንቲ ሜትር እንዲናገር አይጠበቅበትም። ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ሰፊ ለክቶ ይደርስበታል። ለሚና ጨዋታ ዲጂታል ቅጽ የሚያሠራ ሰው ግን ይህ ምቾት የለውም። ፕሮግራመሩ የሚለካው ትከሻ የለም፤ ልኩ ያለው በአሠሪው ጭንቅላት፣ በመመሪያ መጽሐፉ ዳር ዳር በእርሳስ በተጻፉ ማስታወሻዎች፣ አብረው የሚጫወቱት ሰዎችም ሳይጽፉ በተስማሙበት ልማድ ውስጥ ነው። ሥራው ተጠናቆ ርክክብ ላይ ሲደረስ ጭቅጭቁ ስለ መልክ ይመስላል፦ ሣጥኑ ጠበበ፣ ፊደሉ አነሰ፣ ቀለሙ አላማረም። በእኔ እምነት ግን እነዚህ በግማሽ ቀን የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው። የማይስተካከለው፣ አሠሪው ሥዕል ያዘዘ መስሎት ሳለ ያዘዘው የጨዋታውን ደንብ መሆኑን ሳያውቅ መቅረቱ ነው። ቅጹ ማሽኑ የትኛውን ነገር እንደሚያሰላና የትኛውን ለሰዎቹ እንደሚተው ይወስናል፤ ያን ውሳኔ አሠሪው ካልወሰነው ፕሮግራመሩ ይወስንለታል፣ እሱም ብዙ ጊዜ መወሰኑን ሳይናገር።

የጠረጴዛ ሚና ጨዋታን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ ይህ ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ ውጤቱ በሚያጠራጥር ጊዜ ዳይስ ይጣላል። በቼዝ ጨዋታው የደረሰበት ሁኔታ ሰሌዳው ላይ ይታያል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተነሥተው ቢሄዱ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ሊቀጥለው ይችላል። በሚና ጨዋታ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የግድ አያስፈልግም። ተዋጊው ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ፣ ስንት ቁስል እንደተሸከመ፣ በከረጢቱ ምን እንደያዘ የሚታወቀው እያንዳንዱ ተጫዋች ፊቱ ካስቀመጠው ወረቀት ነው። የገጸ ባሕርይ ቅጽ የሚባለው ይህ ነው፤ በቼዝ ሰሌዳው የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው እሱ ነው።

ቅጹ ከጨዋታው ጋር አብሮ አልተወለደም። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 ሲወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሣጥኑ ውስጥ ሦስት ቀጫጭን መጽሐፎች ነበሩ። በመጀመሪያው ውስጥ የአንድ አስማተኛ መዝገብ ለምሳሌ ያህል ቀርቧል፤ ተጫዋች የሚሞላው ባዶ ቅጽ ግን አልነበረም። ሰዉ ባገኘው ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። በ1975 ተጫዋቾች ራሳቸው የነደፏቸው ቅጾች መዘዋወር ጀመሩ፤ አሳታሚው ቲኤስአር የራሱን ቅጽ ለገበያ ያወጣው በ1977 ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዛሬ «ኦፊሴላዊው ቅጽ አለ፣ ለምን ሌላ ታሠራለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታሪኩን ገልብጦ ይዞታል፤ በራስ ልክ የተሠራው ቀድሞ ነበር፣ ኦፊሴላዊው ተከትሎ መጣ።

ቅጽ ደንብ መሆኑን ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በደንብ ያሳያል። በ1979 ለጨዋታ መሪው በታተመው የአድቫንስድ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ተዋጊ ጠላቱን ለመምታት በባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ስንት ማውጣት እንዳለበት የሚናገሩ ሠንጠረዦች ነበሩ፤ መጽሐፉ የመሪው ስለሆነ ተጫዋቾች እንዲያዩት አይጠበቅም ነበር። በ1989 ሁለተኛው እትም ሲመጣ ነገሩ «ታኮ» በሚባል አንድ ቁጥር ተጠቃልሎ በተጫዋቹ መጽሐፍና በቅጹ ላይ ሰፈረ። ሒሳቡ በመሠረቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ማን እንደሚያውቀው ነው። አንዲት ሣጥን ቅጹ ላይ መጨመር ወይም አለመጨመር እውቀቱን ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው ያሸጋግራል ማለት ነው። በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ ደግሞ ከጤና ነጥብ ጎን ለጎን የአእምሮ ጤንነት ነጥብ የሚመዘገብበት ቦታ በቅጹ ላይ ሰጠ፤ ማንም ሰው መመሪያውን ሳይገልጥ ያን ቁጥር ብቻ አይቶ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ከጥይት ይልቅ ማየት የሌለበትን ማየት እንደሚጎዳው ይገባዋል። የ1991ዱ ቫምፓየር ችሎታን በቁጥር ሳይሆን በሚጠቆሩ ትናንሽ ክቦች አስቆጠረ። ተጫዋቹ የሚጥለውን ዳይስ ብዛት ክቦቹን ቆጥሮ ስለሚያውቅ የክቦቹ ረድፍ ጌጥም ስሌትም ነበር።

ቅጹ ወደ ስክሪን ሲሻገር ይህ ባሕርይው ይበልጥ ጠነከረ። በ2012 ሥራ የጀመረው ሮል20 እና በ2020 የወጣው ፋውንድሪ በተለያየ ከተማ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ያህል እንዲጫወቱ ያደርጋሉ። ሁለቱም ላይ ቅጹ የሚሠራው ድረ ገጽ በሚሠራበት ቋንቋ ነው፤ መልኩ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ፣ ስሌቱ በጃቫስክሪፕት። ከእነዚህ በፊትም ሆነ ጎን ለጎን በተመን ሉህ ወይም በሚሞላ ፒዲኤፍ የሚሠሩ አሉ። ፒዲኤፉ ርካሽ ነው፣ ግን ውስጡ ያለውን ስሌት ሁሉም የማንበቢያ ፕሮግራም አያስኬደውም። የተመን ሉህ ያሰላል፣ ግን የጨዋታው መድረክ ላይ ዳይሱን አይጥልም። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሰዎቹ የሚጫወቱበት ቦታ ራሱ ይመርጥላቸዋል።

ከባዱን ክፍል ለማየት በ2014 የወጣውን የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም እንውሰድ። ገጸ ባሕርይው ስድስት መሠረታዊ ችሎታዎች አሉት፤ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ሞገስ ብንላቸው ያስኬዳል። ከእያንዳንዱ ነጥብ 10 ይቀነሳል፣ የቀረው ለ2 ይካፈላል፣ ክፍልፋይ ካለ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተገኘው ቁጥር ዳይስ ላይ ይደመራል። ጉልበቱ 16 የሆነ ሰው 3 ይደምራል። ጉልበቱ ወደ 18 ከፍ ቢል 4 ይሆናል፤ ከዚያ ሰይፍ ሲሰነዝር የሚደምረው፣ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ገደል ለመውጣት የሚጥለው ዳይስ፣ ከሚጎትተው ነገር ለማምለጥ የሚጥለውም አብረው ይለወጣሉ፤ ሊሸከም የሚችለው ክብደትም ከ240 ወደ 270 ፓውንድ ያድጋል። ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ በላጲስ ይፋቃል፣ አንዱም ይረሳል። ለዚህ ነው ሰው ዲጂታል ቅጽ የሚፈልገው፤ ምክንያቱም ትክክል ነው።

አሁን ጉልበቱ 9 የሆነውን ደካማ ሰው ተመልከቱ። ከ9 ላይ 10 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 1፣ ለ2 ሲካፈል ከዜሮ በታች ግማሽ ይሆናል። ደንቡ ወደ ታች ስለሚል መልሱ ከዜሮ በታች 1 ነው። ፕሮግራመሩ ግን ክፍልፋዩን ቆርጦ የሚጥለውን ትእዛዝ ከተጠቀመ መልሱ ዜሮ ይመጣል። ለ10፣ ለ12፣ ለ15፣ ለ18 ሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ ስሕተቱ የሚወጣው ነጥቡ ከ10 በታች ሆኖ ጎዶሎ ሲሆን ብቻ ነው። አሠሪው ቅጹን ሲረከብ የሚሞክረው ደግሞ በሚወደው ጀግና ነው፤ ጀግናው ሁሉ ነገሩ 14 እና 16 ነው። ስሕተቱ ሳይታይ ወራት ሊኖር ይችላል።

ይህ የፕሮግራመር ስሕተት ነው ሊባል ይችላል፣ ልክም ነው። የሚከተለው ግን የማንም ስሕተት አይደለም። በዚያው ደንብ የጽናት ተደማሪው በ1 ከፍ ሲል የጤና ነጥቡ ጣሪያ ገጸ ባሕርይው ላለፈበት ለእያንዳንዱ ደረጃ 1 ይጨምራል፤ አምስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ 5 ያገኛል። ቅጹ ላይ «የጤና ነጥብ» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ካለ፣ ተጫዋቹም እዚያ 38 ብሎ ከጻፈ፣ ማሽኑ ከ38ቱ ስንቱ ከጽናት እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም። ይወቅ ከተባለ በየደረጃው በዳይስ የወጣው ቁጥር ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልጋል፤ አንዷ ሣጥን ሃያ ሣጥን ሆነች ማለት ነው። አይወቅ ከተባለ ጽናት ሲያድግ ተጫዋቹ ራሱ ያርማል። ሁለቱም ጥሩ ቅጽ ይወጣቸዋል። የትኛው ይሁን የሚለውን ግን ከመመሪያ መጽሐፉ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ይህን ቅጽ ያሠራው ሰው ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። የመከላከያ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ጥሩር ያልለበሰ ሰው 10 ላይ ቅልጥፍናውን ይደምራል፤ ባርባሪያን የሚባለው ተዋጊ ጽናቱንም ይጨምራል፣ መነኩሴው ጥበቡን፣ የአስማት ጥሩር የተደረገለት ሰው ከ10 ሳይሆን ከ13 ይነሣል። ዋናው ቀመር አንድ መስመር ነው፤ ልዩ ሁኔታዎቹ ናቸው ገንዘቡን የሚበሉት። ሠሪው ሁሉንም ላስገባ ቢል ዋጋው ያብጣል፤ ዋናዎቹን አስገብቶ አጠገባቸው «ሌላ ተደማሪ» የሚል አንድ ባዶ ሣጥን ቢተው ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህችን ባዶ ሣጥን ማንም ሳያስባት የቀረ ቅጽ ነው፤ ሁሉን አሰላለሁ ብሎ ተነሥቶ ያላሰበው ነገር ሲመጣ ተጫዋቹ እውነቱን የሚጽፍበት ቦታ ያጣል።

ከዚህ ተነሥቼ የምደርስበት ተግባራዊ መደምደሚያ ለአንዳንዱ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ለፕሮግራመር ሊሰጥ የሚገባው ያማረ ባዶ ቅጽ ሥዕል አይደለም፤ በእርሳስ የተሞሉ ሦስት አስቀያሚ ወረቀቶች ናቸው። አንዱ የጀማሪ ገጸ ባሕርይ፣ አንዱ ብዙ ደረጃ የወጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ አሠሪው ሊያገኝ የሚችለው እጅግ ጠማማ ገጸ ባሕርይ፤ ጉልበቱ 9 የሆነ፣ ሁለት ሙያ የደረበ፣ ከደንቡ የሚያፈነግጥ ዕቃ የያዘ። በሦስቱም ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ በጎኑ ይጻፍ። ሰውየው ይህን ሲሞላ ሁለት ሰዓት ወይም ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ በመካከሉም የራሱ ጨዋታ የት ላይ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ያገኘዋል። ወረቀቶቹ ሁለት ጊዜ ያገለግላሉ። መጀመሪያ ሥራውን ያስረዳሉ፣ በርክክብ ቀን ደግሞ ሚዛን ይሆናሉ፦ ቁጥሮቹ ሲገቡ ያው ውጤት ካልመጣ ሥራው አላለቀም። ቀብድ ተከፍሎ የቀረው በየምዕራፉ የሚከፈል ከሆነም ክፍያውን ከእነዚህ ወረቀቶች ጋር ማሰር «ሲያምር እከፍልሃለሁ» ከማለት ይሻላል። ማማር አከራካሪ ነው፤ የ9 ተደማሪ ግን አያከራክርም።

ከርክክብ በኋላ የሚመጣ አንድ ጉዳይም አለ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስምና ማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው ስም ሁለት ናቸው። «ጉልበት» የሚለውን ጽሑፍ ወደ «ኃይል» መቀየር ምንም አያስከትልም። ውስጣዊውን ስም የቀየረ እንደሆነ ግን ቀድሞ የተሞላው ቁጥር በድሮው ስም እንደተቀመጠ ይቀራል፣ አዲሱም ሣጥን ባዶውን ይከፈታል፤ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያቸው የተሰረዘ ይመስላቸዋል። መፍትሔው የድሮውን ወደ አዲሱ የሚያሻግር ትንሽ ኮድ መጻፍ ነው፤ ያ ኮድ ሥራ ነው፣ ሥራም ዋጋ አለው። መድረኮቹም ባሉበት አይቆሙም፤ ፋውንድሪ ዋና እትሙን ሲቀይር ለቀድሞው የተሠራ ነገር መታረም ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ውሉ «ከርክክብ በኋላ ማን ያርማል?» የሚለውን ሳይመልስ ከተፈረመ ግማሹ አልተፈረመም።

እስካሁን ያልኩትን የሚቃወሙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ማሽን የሚያሰላ ቅጽ ተጫዋቹን ያደነቁረዋል የሚለው ነው። ቁልፍ ተጭኖ 17 ያየ ሰው 17ቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ቅጹ የተሳሳተ ቀን ይሳሳታል። ይህ እውነት ነው፣ ግን የሚያስረዳው የእኔኑ ነጥብ ነው። በ1979 ሠንጠረዡ መሪው ዘንድ በነበረ ጊዜም ተጫዋቹ አያውቅም ነበር፤ እውቀቱ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ቅጹን የነደፈው ሰው ነው። ዲጂታል ቅጽ «17» ብሎ ብቻ እንዲናገር ማዘዝ ይቻላል፤ «ዳይስ 11፣ ጉልበት 3፣ ሥልጠና 3» ብሎ እንዲዘረዝር ማዘዝም ይቻላል። ሁለተኛው ጥቂት ተጨማሪ መስመር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ያስተምራልም። ያላዘዘው ሰው ግን አያገኘውም።

ሌላው ተቃውሞ፣ የተዘጋጁ ቅጾች በነጻ ሞልተው ሳለ ገንዘብ ለምን ይወጣል የሚል ነው። ሮል20 ላይ ተጠቃሚዎች ሠርተው ለሁሉ ክፍት ያደረጓቸው ብዙ ቅጾች አሉ፤ ኮዳቸው በግልጽ ስለሚገኝ ወስዶ ማሻሻል ይቻላል። እዚህ ላይ እሸነፋለሁ፤ የታወቀ ጨዋታ ሳይቀይር የሚጫወት ሰው ቅጽ ማሠራት የለበትም። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚጫወቱ አምስት ጓደኛሞችም እርሳስ ይበቃቸዋል። ማሠራት የሚያስፈልገው አዲስ ጨዋታ ለደረሰ፣ የድሮውን በራሱ ደንብ ለለወጠ፣ ወይም ማየት የተሳነው ተጫዋች በስክሪን አንባቢ እንዲጠቀም ለሚፈልግ ነው፤ ለእነዚህም ቢሆን ከባዶ ከመጀመር ከተከፈተው ኮድ መነሣት ይበጃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ይጽፈዋል የሚሉትም አሉ፤ ይጽፈዋል። ጥሩ ሠሪ ግን ያልተወሰነ ነገር ሲያገኝ ደውሎ ይጠይቃል። ማሽኑ ካልተጠነቀቁለት ገምቶ ያልፋል፤ ግምቱም ጥርት ባለ ኮድ ስለሚመጣ ውሳኔ እንጂ ግምት አይመስልም።

የባለቤትነት ጥያቄም ከዚሁ ክር ይመዘዛል። በአሜሪካ ሕግ ባዶ ቅጽ በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ መነሻው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቤከርና በሴልደን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ቻርልስ ሴልደን አዲስ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ከባዶ ቅጾች ጋር በመጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ መጽሐፉ ይጠበቃል፣ ዘዴውና ዘዴውን ለመጠቀም የሚያስፈልጉት መስመሮች ግን የሁሉ ናቸው አለ። የሒሳብ መዝገብ ቅጽና የአስማተኛ ቅጽ ከሚታሰበው በላይ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሁለቱም ሣጥኖች የሚገልጡት ዘዴን ነው። ኮዱ ግን ድርሰት ነው፣ ይጠበቃል። የማን ነው? ገንዘብ የከፈለ ሰው የእኔ ነው ይላል። በ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ግን ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው በትእዛዝ የሠራው ሥራ ከመነሻው የአሠሪው የሚሆነው ሕጉ ከዘረዘራቸው ዘጠኝ ዓይነቶች አንዱ ሲሆንና በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 አንድ ቀራፂ ለአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሠራውን ሐውልት በተመለከተ ይህንኑ አጽንቷል። የጨዋታ ቅጽ ኮድ ከዘጠኙ ውስጥ መግባቱ አጠራጣሪ ስለሆነ መብቱ በፊርማ ካልተላለፈ ከሠሪው ጋር ሊቀር ይችላል። የጨዋታውን ጽሑፍ በተመለከተ፣ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ደንብ ከጥር 2023 ጀምሮ ምንጩን ለጠቀሰ ሁሉ ክፍት በሆነ ፈቃድ ተለቅቋል፤ የንግድ ምልክቶቹ ግን አልተለቀቁም።

ቅጹ በአማርኛ እንዲሠራ ያዘዘ ሰው ደግሞ እንግሊዝኛው የማይጠይቀው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ስላለ መጻፉ አያስቸግርም። የግእዝ ቁጥር ግን ለጃቫስክሪፕት ቁጥር አይደለም፤ ሣጥኑ ውስጥ ፲፮ ተብሎ ቢገባ ማሽኑ ምልክት እንጂ አሥራ ስድስት አያይበትም፤ ዜሮም የለውም። ለጌጥ የሚወደው ሰው ውስጡ 16 ተቀምጦ ላዩ ፲፮ እንዲታይ ማዘዝ አለበት። ከቁጥሩ ይልቅ ግሱ ይከብዳል። እንግሊዝኛው ቅጽ ዳይስ ሲጣል የሚያወጣው «በሰይፍ መታ» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በአማርኛ መታ፣ መታች፣ መቱ ሦስት ናቸው፤ ስለዚህ ጾታና አክብሮት የሚመዘገብበት ቦታ ከሌለ ቅጹ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መናገር አይችልም። ግሱን አስቀርቶ «የሰይፍ ምት፦ 17» ማለት አንዱ ማምለጫ ነው። ማምለጥ ያልፈለገ ሰው ግን ተራ ወታደር የነበረው ገጸ ባሕርይ ደጃዝማች ተብሎ ሲሾም በሚቀጥለው ዙር ቅጹ «መታ» ይበል ወይስ «መቱ» መወሰን አለበት። አክብሮቱ ከማዕረግ ሣጥኑ ጋር የሚታሰር ከሆነ ኮዱ ላይ አንድ ቀመር ይጨመራል፤ ለተጫዋቹ የሚተው ከሆነ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ትንሽ ክብ ትበቃለች።